አይኤስኦ 26000 ለኤችአር ሰው ይጠቅማል ወይ? አንብቤው የታዘብኩት

ይሄን የምፅፈው ኤችአር (የሰው ሀይል አስተዳደር) ላይ ለምትሰሩ ነው፣ በተለይ ከላይ "የሲኤስአር እቅድ አዘጋጁ" (የድርጅት ማህበራዊ ሀላፊነት ማለት ነው) ተብላችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ። አለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ያወጣውን፣ አይኤስኦ 26000 የሚባለውን የማህበራዊ ሀላፊነት መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ ስራ ላይም እየገለጥኩት ነው፣ በኔ እይታ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነገር ነው ግን ምን እንደሚሰጣችሁና ምን እንደማይሰጣችሁ አውቃችሁ ግዙት።

ሰነዱ የወጣው በ2010 በፈረንጆቹ ነው። ከ90 በላይ አገር የመጡ ባለሙያዎች ለአመታት የተከራከሩበት ነው፣ ብራዚልና ስዊድን እየመሩት፣ መንግስትም ቀጣሪም ሸማችም ሰራተኛ ማህበርም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፣ አለም አቀፉ የስራ ድርጅት ደሞ ከራሱ ስምምነቶች ጋር እንዳይጋጭ ይከታተለው ነበር። ሰባት ዋና ጉዳዮች አሉት፣ አስተዳደር፣ ሰብአዊ መብት፣ የስራ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ፍትሃዊ አሰራር፣ ሸማች እና ማህበረሰብ።

እኛ ጋ ሲኤስአር ሲባል የሚታሰበው ክረምት ላይ ችግኝ መትከል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ለበዓል ማዕድ ማጋራት ነው። ጥሩ ስራዎች ናቸው፣ ይቀጥሉ። ግን ስራው በሙሉ ለኮሙኒኬሽን ክፍል ይሰጥና ኤችአር የሚፈለገው ሰራተኛ ለማሰባሰብ ብቻ ይሆናል። ይሄ መመሪያ ግን ከሰባቱ አንዱን ሙሉ ለሙሉ ለሰራተኛ ጉዳይ ነው የሰጠው፣ ክፍል 6.4 ይባላል፣ ቅጥር፣ የስራ ሁኔታና ማህበራዊ ዋስትና፣ ከሰራተኛ ጋር መመካከር፣ ጤናና ደህንነት፣ ስልጠና። ይሄ እኮ የኤችአር የእለት ተእለት ስራ ነው! የዚሁ ክፍል መግቢያ ላይም አለም አቀፉ የስራ ድርጅት በ1944 ካወጣው የፊላደልፊያ መግለጫ የተወሰደው መርህ አለ፣ የሰው ጉልበት ሸቀጥ አይደለም የሚለው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ስለ ኮንትራት ሰራተኛ የሚለው ነው። አንድ ድርጅት አጋሮቹና ሳፕላየሮቹ ሰራተኛ ላይ ከሚያደርሱት በደል መጠቀም የለበትም ይላል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ስንት መስሪያ ቤት ነው ጥበቃና ፅዳቱን በኤጀንሲ የሚያሰራው? የማውቀው አንድ ድርጅት ለኤጀንሲው በሰው የሚከፍለው ሌላ፣ ጥበቃው እጅ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነበር፣ ልዩነቱም ትንሽ አልነበረም፣ ኮንትራቱ ላይ ደሞ ሰራተኛው ስንት ማግኘት እንዳለበት የሚል አንድ መስመር የለም። ሲጠየቁ "የኛ ሰራተኛ አይደለም" ነው መልሱ። በር ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምላችሁ ሰው የናንተ ካልሆነ የማን ነው? ይሄን ጥያቄ ማኔጅመንት ፊት ማንሳት ያለበት ኤችአር ነው፣ መመሪያው ደሞ በእጃችሁ የሚታይ ነገር ይሰጣችኋል።

ደሞዝ ላይም ዝም አይልም፣ ክፍያው ቢያንስ ለሰራተኛውና ለቤተሰቡ ፍላጎት የሚበቃ ይሁን ይላል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማእከል በ2019 ስለ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ሰራተኛውም በብዛት እየለቀቀ ይሄድ ነበር። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ በዛ ብር እንዴት ነው የምትቆየው። ስንት ሰው እንደለቀቀና ለምን እንደለቀቀ ደሞ የሚያውቀው ኤችአር ነው፣ ፋይሉ እሱ ጋ ነው ያለው፣ ፓርኩ ውስጥ የሚሰፋውን ልብስ የሚገዛው ውጪ አገር ያለው ብራንድ የሚያትመው ቆንጆ የሲኤስአር ሪፖርት ላይ መግባት ያለበት ቁጥር እሱ ነበር።

ድክመቱ ጥርስ የለውም። "ይገባል" ይላል እንጂ "ግዴታ ነው" አይልም። ሰራተኛ ለህይወቱ አስጊ የሆነን ስራ እምቢ የማለት መብት እንዳለው በግልፅ ፅፏል፣ ከወጣ ሶስት አመት ሳይሞላው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባል የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ህንፃ ተደረመሰ፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ከአንድ ቀን በፊት ህንፃው ሲሰነጠቅ ታይቶ ከታች ያሉት ሱቆችና ባንክ ተዘግተዋል፣ የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፣ የወር ደሞዛችሁ ይቀራል ተብለው የተስፈራሩም ነበሩ። አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ከዛ በፊት የማህበራዊ ኦዲት (የሰራተኛ አያያዝ ፍተሻ) ተደርጎላቸው ነበር። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ወረቀቱ ትክክል ነበር ግን በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ ማንም አይገባም" የሚል ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እንደዛ ማለት የሚችል ስልጣን ያለው ኤችአር።

ሌላው፣ አፃፃፉ ይከብዳል፣ ከመቶ ገፅ በላይ ነው፣ እኔ በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት፣ አንዳንዱን አንቀፅ ሁለቴ ካላነበቡት አይገባም። ፎርም፣ ቼክሊስት ምናምን አትጠብቁ፣ ያንን ራሳችሁ ነው የምትሰሩት። የአገራችንን ህግ ደሞ አይተካም፣ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን፣ ትርፍ ሰአቱ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ፣ እነዚህ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያሉ ግዴታዎች ናቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይከበሩ።

በጣም ተጠንቀቁ የምለው፣ የአይኤስኦ 26000 ሰርተፍኬት እናስገኝላችኋለን የሚል ኮንሰልታንት ከመጣ አትክፈሉት። ይሄ መመሪያ ሰርተፍኬት አይሰጥበትም፣ አይኤስኦ ራሱ በግልፅ ያለው ነው። ገዢያችሁ ሰርተፍኬት ካለ አምጡ ካላችሁ ኤስኤ 8000 የሚባለውን እዩ፣ እሱ የሰራተኛ መብት ላይ ያተኮረና ኦዲት ተደርጎ ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ነው።

ሙሉው ሰነድ በገንዘብ ነው የሚሸጠው፣ አይኤስኦ በነፃ የለቀቀው አጭር ማስተዋወቂያ ግን አለ፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡና ወስኑ። ከገዛችሁት ከገፅ አንድ አትጀምሩ፣ 6.4ን አንብቡ፣ ቀጥሎ 6.3.6 ስለ ቅሬታ አፈታት የሚለውን፣ ከዛ የኤጀንሲ ኮንትራታችሁን አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።