«አሳንሰህ ጠይቀሃል» ላለችኝ የሂሳብ ሠራተኛ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ካቻምና ነው። ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

እኔና አምስት ሰዎች ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ የምንሠራት አንዲት ትንሽ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አለች፤ ኮዷ ለሁሉም ክፍት ነው። ደመወዝ የለንም፣ ጠይቀንም አናውቅ። ጣጣው የመጣው ሰዎች ሶፍትዌሯን ወደዷትና ገንዘብ መላክ ሲጀምሩ ነው። ገንዘብ ተላከልኝ ብሎ የሚያማርር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ገንዘቡ የሚገባው በእኔ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነበር። ግብር ላይ «ይሄማ የአንተ ገቢ ነው» ተባልኩ። ክፍያ የሚያስተላልፍልን ኩባንያ «ድርጅት ከሆናችሁ ማስረጃ አምጡ» ብሎ ሂሳቡን ዘጋው። አራት ወር ሙሉ ጻፍኩ፤ የሚመልስልኝ ማሽን ነው። አንድ ጠበቃ ደግሞ «የራሳችሁን ፋውንዴሽን አቋቁሙ» አለኝና ቅድመ ክፍያውን ተቀብሎ ድምፁ ጠፋ። ዶሜይናችንም፣ ማለትም የድረ ገጻችን አድራሻ፣ ቡድኑን ጥሎ በሄደ ልጅ ስም ነው የተመዘገበው፤ ልጁ ስልክ አያነሳም። ከሁሉ የከፋው ግን ጥርጣሬው ነው። ከጓደኞቼ አንዱ ዝም ባለ ቁጥር ስለ ገንዘቡ የሚያስብ ይመስለኝ ጀመር። ማንም ምንም አላለኝም እኮ!

ለእንደኛ ዓይነቱ ጥላ የሚሆኑ ለትርፍ ያልቆሙ ፋውንዴሽኖች መኖራቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። አመለከትን፣ ብዙ ጠበቅን፣ አንዱ ተቀበለን። አሁን ልገሳው በእነሱ ሂሳብ ይገባል። ዶሜይኑንና የንግድ ምልክቱን እነሱ ይይዙልናል፣ ውልም እነሱ ይፈርማሉ። ኮዱን አይነኩም፤ ምን እንደምንሠራ የምንወስነው እኛው ነን። የሕጉ ዝርዝር አይገባኝም። እንዳይገባኝ ብዬም ነው የገባሁት።

አሁን ወደ እሷ፣ ወደ ፋውንዴሽኑ የሂሳብ ሠራተኛ ልምጣ። የሰርቨር ኪራይ ለዓመታት ከኪሴ ስከፍል እንደነበር ስታውቅ «የቆየውን ደንባችን አይፈቅድም፣ የቅርብ ደረሰኞችህን ግን ላክ» አለችኝ። አምስት ደረሰኝ በስልኬ አንስቼ ላክሁ። ሰበብ ፈልጋ ትመልሰዋለች ብዬ ነበር፤ ለምጄዋለሁ። በማግስቱ መልሷ መጣ። ሦስተኛው ደረሰኝ በሌላ አገር ገንዘብ የተከፈለ ስለሆነ ባንኩ የቆረጠውን አልደመርኩትም። «አሳንሰህ ጠይቀሃል፣ አስተካክለህ ላከው» ትላለች። ከሥር ደግሞ «የአምስተኛው ደረሰኝ ቀን አይነበብም፣ ጣትህ ሸፍኖታል።»

አሳንሰህ ጠይቀሃል! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ሌባ ስጠየቅ ከርሜ፣ የጎደለብኝን ቆጥሮ የሚነግረኝ ሰው ተገኘ። ያን ለሊት ተኛሁ።

«ስሜን እንዳታወጣ» ብላኛለች። ያሉት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ድርጅቱን መጥራት እሷን መጥራት ነው። እናንተ ግን ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስትን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቢያን ለተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ሲባል የተቋቋመ ነው፣ ዛሬ ብዙ ፕሮጀክት አስጠግቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲም አለ፤ የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊትና የሥዕል መሥሪያው ኢንክስኬፕ በእሱ ሥር ናቸው። እንዲህ ያሉት ከልገሳው 5 ወይም 10 በመቶ ገደማ ለሥራቸው ይቆርጣሉ። ይቁረጡ! እኔ ለዚያ ጠበቃ የከፈልኩት ቆጭቶኝ አያባራም። ሁሉንም አመልካች አይቀበሉም፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ ስለዚህ ችግር ሳይመጣ አመልክቱ። ድረ ገጾች መረጃን በምስጢር የሚያስተላልፉበትን ሶፍትዌር፣ ኦፕን ኤስኤስኤልን አስታውሱ። ግማሹ ኢንተርኔት ተደግፎት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ተሰማ። ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማን ያስተዳድረዋል ብሎ የጠየቀ ግን ብዙም አልነበረም።

አመልክቱ ብያለሁ። ነገ ዛሬ አትበሉ።

አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ የዚህ ወር ደረሰኝ ነገ ይደርስሻል። ጣት የለበትም።