በፕሮጀክተር ሌንስ ፊት የሚተከል የሌዘር መከላከያ መዝጊያ፦ የተጠቃሚ ግምገማ

ከአንድ የመድረክ ዝግጅት በኋላ ፕሮጀክተራችንን ስናበራ በምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የነጠብጣብ መስመር አገኘን፤ የሌዘር ጨረር ሌንሱን አቋርጦ ሲያልፍ ምስሉን በሚፈጥረው የፕሮጀክተሩ ቺፕ ላይ የተወው ጠባሳ ነበር። ቺፑን ከመለወጥ በቀር መፍትሔ አልተገኘለትም። ከዚያ ወዲህ በዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራቶች በሚታዘዙበት የምልክት ሥርዓት) የሚታዘዝ ባለ ሞተር የሌንስ መዝጊያ ገዝተን በበርካታ ዝግጅቶች ተጠቅመንበታል።

የመዝጊያውን ዋጋ ለመመዘን ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። የፕሮጀክተር ሌንስ የቺፑን ምስል አጉልቶ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ ብርሃን ከውጭ ሲገባበት ግን ያው ሌንስ በተቃራኒው ይሠራና ሳይበተን የሚጓዘውን የሌዘር ጨረር ሰብስቦ እጅግ ትንሽ በሆነ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። በዲኤልፒ ፕሮጀክተር፣ ማለትም ቺፑ ብርሃን በሚያንጸባርቁ መስታወቶች ምስል በሚሠራበት ዓይነት፣ ያ ነጥብ የሚያርፈው ስፋታቸው ከ5 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆኑ ጥቃቅን መስታወቶች ላይ ነው። ለመድረክ የሚውሉ ሌዘሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌዘር የአደጋ ደረጃ ክላስ 4፣ ማለትም ከ500 ሚሊ ዋት በላይ ኃይል ያላቸው በመሆናቸው እነዚህን መስታወቶች ለመጉዳት የቅጽበት ጊዜ ይበቃቸዋል።

ቀደም ሲል በሪሞቱ ላይ ያለውን የምስል ማጥፊያ ቁልፍ እንደ መከላከያ እንቆጥረው ነበር፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቁልፉ በብዙ ፕሮጀክተሮች ምስሉን ከማጥቆር አያልፍም። የውስጥ መዝጊያ ያላቸውም ቢሆኑ መዝጊያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በብርሃን ምንጩና በቺፑ መካከል ስለሆነ፣ በሌንሱ በኩል ለሚመጣ ጨረር መንገዱ ክፍት ነው።

የገዛነው መዝጊያ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የሚያብረቀርቅ ቢሆን ኖሮ ጨረሩን ወደ ተመልካች ዓይን ሊመልሰው ይችል ስለነበር የቀለሙ ምርጫ ትክክል ነው። ክፈፉ ራሱን ችሎ ስለሚቆም ሌንሱ ሲንቀሳቀስ አይነካካም። ከሁሉ የወደድሁት ግን በመብራት መቆጣጠሪያው ላይ ከሌዘሩ ጋር በአንድ ትእዛዝ መታሰሩ ነው፤ ሌዘሩ መብራት ከመጀመሩ በፊት ሌንሱ ይዘጋል፣ በሥራ ጥድፊያ የሚረሳ ሰውም አይኖርም። የሞተሩ ድምፅ ጸጥ ባለ አዳራሽ ይሰማል፤ ይህን ግን እንደ ከባድ ጉድለት አልቆጥረውም።

ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። በልምምድ ጊዜ የዲኤምኤክስ ገመዱን ሆን ብለን ስንነቅለው ሰሌዳው እንደተከፈተ ቀረ። መከላከያ የሚባል መሣሪያ ትእዛዝ ሲቋረጥበት በራሱ መዘጋት ነበረበት፤ ስለዚህ ገዢዎች ይህን ሳይፈትኑ እንዳይከፍሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ሙቀትም መታሰብ አለበት፦ ኃይለኛ ፕሮጀክተር ምስሉ ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ ሰሌዳው ይግላል፤ በመሆኑም አስቀድመን ምስሉን እናጠቁራለን።

ምስልና ሌዘር በአንድነት በሚታዩበት ክፍል ግን መዝጊያው ሊያገለግል አይችልም። ለዚያ በሌዘሩ መውጫ ላይ ጨረሩ ወደ ፕሮጀክተሩ አቅጣጫ እንዳይሄድ የሚያግድ የብረት መከለያ እንገጥማለን፤ በሶፍትዌር ብቻ የሚደረገውን ክልከላ አንድ የተሳሳተ ፋይል ሊያጠፋው ስለሚችል አናምነውም። በመድረኩ ላይ ያሉ መስታወቶችንና የሚያብረቀርቁ ብረቶችንም ከዝግጅቱ በፊት እንሸፍናለን፣ ጨረሩ ከእነርሱ ነጥሮ ሌንሱን ሊያገኘው ይችላልና።