«በቅርቡ ምን አሳቀሽ?» ብለው ለጠየቁኝ ሐኪም

ይህ ምስጋና ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «የሠራሁት ሥራዬን ነው» ብለው እምቢ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግን ዝም ብዬ ማለፍም አልሆነልኝም። የድብርት መድኃኒት እየወሰዳችሁ፣ ድብርቱ ሲለቃችሁ ደስታውም፣ እንባውም፣ ንዴቱም አብሮ ጥርግ ብሎ የሄደባችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። በውስጥ ጻፉልኝና የት እንደሚገኙ እነግራችኋለሁ። ዓይኔን ሳላሽ ነው የምጠቁማችሁ።

መጀመሪያ ግን ለመድኃኒቱም የሚገባውን ልስጠው። ሰርትራሊን ይባላል። ስጀምረው ከአልጋ መነሳት ያቃተኝ፣ ፀጉሬን ማበጠር እንኳን የከበደኝ ሰው ነበርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና ጣሪያ ሳይ ይነጋል። ትንሽ ሳምንታት ፈጀበት እንጂ እንቅልፌን መለሰልኝ። «እኔ ምን ዋጋ አለኝ» የሚለው ሐሳብም ተወኝ። ሥራ ተመለስኩ። ስለዚህ መድኃኒት ላማ አልመጣሁም። ከዚያ ጉድ ያወጣኝ እሱ ነው።

ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣ። ቀስ ብሎ ስለመጣ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። የምወደው ዘፈን ሲከፈት ድምፅ ብቻ ሆነብኝ። ፊልም አያለሁ፣ ሰው ሲስቅ እሰማለሁ፣ እኔ ጋ ሲደርስ የለም። እህቴ የሥራ እድገት ያገኘች ቀን እየጮኸች ደወለችልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምነው፣ ከፋሽ እንዴ?» አለችኝ። ኧረ አልከፋኝም። ደስም አላለኝም። ለዚያ መልስ የሚሆን ቃል አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ «ሮቦቷ» እያለች ነበር የምትጠራኝ። በቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱም አላናደደኝም።

የባሰው አክስቴ ያረፈች ጊዜ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ደብተሬን የሸፈነችልኝ፣ ስታመም አጠገቤ የምታድረው እሷ ናት። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣኝም። እውነቴን ነው፣ ለማልቀስ ሞክሬያለሁ። ፊቴን አጨማድጄ ሞከርኩ። ሰው ሁሉ ሲላቀስ እኔ «ወንበሩ ይበቃ ይሆን?» እያልኩ ነበር የማስበው። «አቤት ጥንካሬ!» ያሉኝ አሉ። «ድሮም ልቧ ደረቅ ነው» ያሉም እንዳሉ በኋላ ሰማሁ። እሱም አላመመኝም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ መደንገጥ ከተባለ።

አሁን ወደ መራራው ልግባ። ማንንም በስም አልጠራም፣ ግን ይውጣልኝ።

አንዱ ጋ ገባሁ። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ታለቅሻለሽ?» አለኝ። «አላለቅስም።» «እንቅልፍ?» «እተኛለሁ።» «በጣም ጥሩ! በዚሁ ቀጥዪ።» አለቀ። እኔ አላለቅስም ያልኩት ስሞታ ነበር፤ እሱ እንደ ምሥራች መዘገበው። ሌላዋ ጋ ሄጄ ምንም አይሰማኝም ስላት «ድብርቱ ገና አልለቀቀሽም» ብላ ከ50 ወደ 100 ሚሊግራም ከፍ አደረገችው። ጭራሽ ግድግዳ ሆኜ አረፍኩት። ሦስተኛው ደግሞ ገና ሳልጨርስለት «በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ተይው» አለኝ። ቀስ በቀስ የለ፣ ክትትል የለ። ካቆምኩ በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ብልጭ፣ ብልጭ ይልብኝ ጀመር። ማዞር ነው፣ ማቅለሽለሽ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ስደውል «ቀጠሮሽ ገና ነው» ተባልኩ። መልሶ ያስጀመረኝ ሌላ ተረኛ ሐኪም ነው፤ እሱ እንኳን «ይሄ መድኃኒት እንዲህ በአንዴ አይቆምም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አንዷማ «ስንቱ እንባውን የሚያብስለት አጥቶ አንቺ እንባ ጠፋኝ ብለሽ መጣሽ?» ብላኛለች። ይህን እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ነው ደግሞ የሚያናድደኝ።

እኚህን ሐኪም ያገኘሁት በእህቴ ጉትጎታ ነው። ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት ልል ነበር፤ ተስፋ መቁረጥም ስሜት ነው፣ እሱም አልነበረኝም። እህቴ ጎትታ ወሰደችኝ በሉት።

ገባሁ። ካርዴን ከፈቱና አነበቡት። እኔ ፊት ቁጭ ብለው፣ ገጽ በገጽ። ከዚያ ዘጉት። እስክሪብቷቸውን ላዩ ላይ አጋደሙና «በቅርቡ ምን አሳቀሽ?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለሚያመው ነገር ነው። ጭንቀቱ ቀነሰ? ለቅሶው ቆመ? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ አለ? መጠየቁ አስፈላጊ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀነሰ፣ ቆመ፣ የለም ብቻ ሆኖ ቀረ። ምን አለሽ ያለኝ የለም።

አሰብኩ። የምመልሰው አጣሁ። ዝም አልኩ፣ እሳቸውም ዝም አሉ። ሰዓት አላዩም። ስልካቸው ሲንቀጠቀጥ ሳያዩት ገለበጡት። በመጨረሻ «ምንም» አልኳቸው። «ምን አናደደሽስ?» «ምንም።» «የናፈቀሽስ ሰው?» ይሄኔ አክስቴን ነገርኳቸው። ወንበሩን ሁሉ ሳይቀር ነገርኳቸው። ከዚያ «ክፉ ሰው ሆኜ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ክፉ ሰው ለአክስቴ አላለቀስኩም ብሎ ሐኪም ጋ አይመጣም፣ ልጄ» አሉኝ።

ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ምስጋናዬ አያልቅም።

ቀጥለው ባዶ ወረቀት አወጡና ሦስት ቦታ ከፈሉት። ከመታመሜ በፊት፣ ታምሜ ሳለሁ፣ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ። እንቅልፍ፣ ጉልበት፣ ራስን መውቀስ፣ ሳቅ፣ እንባ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝና ሞሉት። ድብርት ራሱም ሰውን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ ዝም ብሎ አይታወቅም አሉ። የእኔ ግን ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እንቅልፉም ጉልበቱም ተመልሷል፣ ራሴን መውቀሱም ቀርቷል። እንባው ግን ታምሜ እንኳን ነበረኝ። የደረቀው ክኒኑ ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ዶዙ ሲጨመር ደግሞ ባሰበት።

ለካ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው! እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት የድብርት መድኃኒት ከሚወስዱ ከ600 በላይ ሰዎች መካከል 46 ከመቶው እንዲህ ዓይነት የስሜት መደንዘዝ እንዳለባቸው ተናግረዋል። በ2023 ደግሞ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኤሲታሎፕራም የተባለውን የድብርት መድኃኒት ድብርት ለሌለባቸው ጤነኛ ሰዎች ሰጥተው፣ ለሽልማት የሚሰጡት ምላሽ እንደሚቀዘቅዝ አይተዋል። «ስለዚህ ሁሉንም በበሽታው ማሳበብ አይቻልም» አሉኝ። ሴሮቶኒንና ዶፓሚን ስለሚባሉት የአንጎል ኬሚካሎችም በሰፊው አስረዱኝ። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ምንም አልገባኝም። የገባኝ ግማሽ ያህሉ ሰው እንደኔ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ በር ሳንኳኳ ይህን ለመንገር ምን ያህል ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

ወዲያው ክኒኔን አልቀሙኝም። ዶዙን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል፣ በሌላ ዓይነት መድኃኒት መቀየርም እንዳለ፣ ሁለቱም ግን ድብርቱን ሊመልሱት እንደሚችሉ ነገሩኝ። «የትኛውን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። እኔን! ቀስ እያልን ዝቅ ለማድረግ ተስማማን። ከዚያ ውጭ የምትጠብቀውን እህቴን አስጠሯትና የሚያሰጉ ምልክቶችን አጻፏት። ሌሊት መንቃት ከጀመረች፣ ሰው ከሸሸች፣ መብላት ከተወች፣ ስለ ሞት ካወራች ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻት ነይ አሏት። እህቴ ወረቀቷን ስልኳ ልባስ ውስጥ ከተተቻት። እስካሁን እዚያው ናት።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ ምን ይመስላችኋል? ንዴት። ወረፋ ቆሜ አንዱ ሰውዬ ዘው ብሎ ከፊቴ ሲገባ ደሜ ፈላ። ጮህኩበት! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለዶክተሩ ደወልኩ፤ የባሰብኝ መስሎኝ። «ሰው ላይ ጮህኩ» ስላቸው «እሰይ!» አሉ። በሕይወቴ በመናደዴ እሰይ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሳቁ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እንባው ደግሞ አክስቴ በስልክ ትታልኝ የነበረውን የድምፅ መልእክት ስሰማ። «ደርሰሻል ወይ? ስትደርሺ ደውዪ» ነው የምትለው፣ ሌላ ነገር የለውም። ስንት ጊዜ ሰምቼው ምንም ያላለኝ ነው። ያን ቀን ግን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አነባሁት። እህቴ ደንግጣ ወረቀቷን መዘዘች። «ሌሊት ነቅተሻል? በልተሻል?» እያለች ስትመረምረኝ በለቅሶዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ።

አሁንም መድኃኒቱን እወስዳለሁ፣ ዝቅ ባለ መጠን። ስለዚህ እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ክኒናችሁን እንዳትወረውሩ። በአንዴ መተው ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ። የማውቃት አንዲት ልጅ በሌላ መድኃኒት ተቀይሮላት ነው የተሻላት፤ ለሁሉም ሰው የሚሆነው አንድ አይደለም። ግን «ተሽሎሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚላችሁን ሰው አምናችሁ አትቀመጡ። ምንም አይሰማኝም ማለት ቅብጠት አይደለም። ሄዳችሁ በግልጽ ተናገሩት፣ ካልሰሟችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።

እኚህ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ መስማት ብቻ ሳይሆን ትደመጣላችሁም። ነቀፌታም አለኝ፣ አልዋሽም። ወረፋቸው አይጣል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለሚሰጡ ቀጠሮ በሰዓቱ ገብቼ አላውቅም። ጽሑፋቸውም አይነበብም፤ ማዘዣውን እዚያው አስነብባችሁ ውጡ። እኔ ግን ስንት ቦታ በሰዓቱ ገብቼ በአምስት ደቂቃ ስወጣ ኖሬ ምን ጠቀመኝ?

ስትሄዱ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠየቃቸው አይቀርም። ከዚህ በፊት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስምና መጠን፣ መቼ እንደተጨመረና እንደተቀነሰ ጽፋችሁ ያዙ። አድራሻቸውን በውስጥ እልክላችኋለሁ። ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ የምመልሰው ማታ ነው።