ለኦሚሺማው ብስክሌት ጠጋኝ አባት ምስጋና፣ ለመንገደኞችም ጥቆማ

በጃፓን ደሴቶች መካከል በብስክሌት ለመጓዝ የምታስቡ ወገኖቼ፣ በኦሚሺማ ደሴት አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ያላቸውን አዛውንት በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ስለከበደኝ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

ጉዞዬ ሺማናሚ ካይዶ በሚባለው፣ ከሂሮሺማ ግዛቷ ኦኖሚቺ ተነስቶ ደሴቶችን በድልድይ እያያያዘ በኤሂሜ ግዛት እስካለችው ኢማባሪ ድረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው መንገድ ነበር። ብስክሌቱን የተከራየሁት ግን ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ነው። ማስያዣውን ሲቀበሉ ፈገግታቸው ለጉድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በተከፈተው በታታራ ድልድይ ላይ የኋላው ጎማ መንቋቋት ጀምሮ ስደውልላቸው ግን «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም። ሌላ ቤት ደግሞ «ከእኛ ያልተከራየ ብስክሌት አንነካም» ብለው መለሱኝ። ገንዘብ ከፍሎ ደጅ መጥናት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

እኚህ አባት ከየት እንዳመጣሁት እንኳ አልጠየቁኝም። ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንደፈቱና ምን እንዳጠበቁ አልገባኝም፤ ብቻ ሲጨርሱ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የተቀበሉኝም ገንዘብ ለማመን የሚያስቸግር ትንሽ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። ተሰናብቻቸው ስወጣ በትንሿ የጭነት መኪናቸው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ በዝግታ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ለካስ ዳገቱ ላይ ክብደቴ ሲያርፍበት ጎማው ዳግም ይጮህ እንደሆነ ሊያዳምጡ ኖሯል። ዳገቱ ሲያልቅ ክላክስ ነፍተው፣ እጃቸውን አውለብልበውልኝ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ባለሙያ እግዚአብሔር ያብዛልን!

መንገዱንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ብስክሌተኛውን የሚመራው ሰማያዊ መስመር የደሴቷን ምሥራቃዊ ጠርዝ ነካ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ድልድይ ስለሚያልፍ፣ ብዙ ሰው ምዕራቡን ሳያይ ይሄዳል። በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ስለውልኝ ወደ ኦያማዙሚ መቅደስ ተሻገርሁ፤ በግቢው እጅግ ያረጁ የካምፎር ዛፎች ቆመዋል፣ በቤተ መዘክሩም የጥንት ተዋጊዎች ለመቅደሱ ያበረከቷቸው ጥሩሮችና ሰይፎች ተቀምጠዋል። ከዚያ ባሕሩን በአንድ ወገን፣ የመንደሪን እርሻውን በሌላ ወገን አድርጋችሁ ትነዳላችሁ። በመንገዱ ዳር ሻጭ የሌለው መደብ ላይ ፍሬው በከረጢት ተቀምጧል፤ ሳንቲሙን ጣሳ ውስጥ ጥሎ መውሰድ ነው። (በእኛ ሰፈር ቢሆን ጣሳው ራሱ ማደሩን እጠራጠራለሁ።)

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፤ በዚያ የምታልፉ ሁሉ፣ ብስክሌታችሁ ደህና ቢሆን እንኳ፣ እርሳቸው ዘንድ ጎራ በሉና አስፈትሹ። የታታራን ድልድይ ወርዳችሁ የመንደሩን ሰው ብትጠይቁ ይጠቁማችኋል። መኪና በግራ ስለሚነዳ በቀኝ ለለመድን ሰዎች ጥንቃቄ ያሻል፤ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ስታገኟቸው ደግሞ ያ ኢትዮጵያዊ በነፋሱ መካከል 4 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኩሩሺማን ድልድይ ተሻግሮ ኢማባሪ ገብቷል፣ ጎማውም አልጮኸም ብላችሁ ንገሩልኝ።