ግድግዳ የማያውቀው መከታተያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የቀዶ ሕክምና ታካሚዎቻችን ያሉበትን ቦታ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር ገመድ አልባ መለያ መከታተል ከጀመርን ወራት ተቆጥረዋል፤ እኔን ያስመረረኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያው ግድግዳ አያውቅም። በመጠበቂያ ክፍል ተኝቶ ተራውን የሚጠብቅ ታካሚ ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው የቀዶ ሕክምና ክፍል እንደገባ ሆኖ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል። ያልተጀመረው ሥራ ተጀመረ ስለተባለም ምግብ ሳይቀምስ የቆየው ቀጣዩ ታካሚ ያለጊዜው ተጠርቶ በኮሪደር ይጉላላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኛ መከታተያ የሚሠራው በዋይፋይ ሲሆን፣ ቦታን የሚገምተው ከሞገዱ ጥንካሬ ነው፤ ሞገዱ ግድግዳን ያልፋል፣ ብረት ያንጸባርቀዋል፣ በሰው አካል ውስጥ ያለው ውኃም ይውጠዋል። ሻጩ «ስህተቱ ከጥቂት ሜትር አይበልጥም» ያለን በኩራት ነበር። ወንድሜ፣ ጥቂት ሜትር ለመጋዘን ዕቃ ምንም አይደለም፤ እኛ ዘንድ ግን ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ታካሚ ማለት ነው።

«ኢንፍራሬድ ጨምሩበት» የሚለው ምክሩም ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ይህ በዓይን የማይታይ ብርሃን ግድግዳ ስለማያልፍ ክፍሉን በትክክል ቢለይም ብርድ ልብስም አያልፍም፤ የእኛ ታካሚ ክንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሸፈነ ነው። በየበሩ የአርኤፍአይዲ (መለያን በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ቴክኖሎጂ) ማንበቢያ እንትከል ቢባል፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኔዘርላንድስ ጥናት ታካሚ በሌለበት ባደረጋቸው 123 ሙከራዎች ሞገዱ የሕክምና መሣሪያዎችን 34 ጊዜ እንዳወከና ከእነዚህ 22ቱ አደገኛ ተብለው እንደተመደቡ አስነብቦናል። ስለዚህ የራሳችን የሰመመን ማሽኖችና መርፌ ፓምፖች (መድኃኒት በመጠን የሚሰጡ መሣሪያዎች) ከማንበቢያው አጠገብ ሳይፈተኑ አንድም ማንበቢያ አይተከልም ብዬአለሁ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ «እንግዲያው መልሱት» የሚለኝ ሰው ቢመጣ ግን እከራከረዋለሁ። ማገገሚያ ክፍላችን ከሌሎቹ ራቅ ያለ በመሆኑ እዚያ አይሳሳትም፤ ታካሚው መድረሱን ለማወቅ ይደወል የነበረው ስልክ ቀርቷል፤ ቤተሰብም በመለያ ቁጥር ብቻ፣ ስም ሳይወጣ፣ የሰውየውን ሁኔታ በስክሪን ይከታተላል። የቀዶ ሕክምናውን መጀመሪያ ሰዓት ግን አሁንም ነርሷ በእጇ ትመዘግባለች፤ የታካሚው ማንነትና የሚሠራለት የአካል ክፍልም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የደህንነት ዝርዝር እንደሚያዘው፣ ከሰመመን በፊት ከራሱ ከታካሚው አንደበት ይረጋገጣል እንጂ ከስክሪኑ አይነበብም።