የደጋ ብርድና ጫጩት፦ ከሰል፣ አምፖል ወይስ የድርቆሽ ሣጥን?

የኅዳርን ሌሊት ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በዚህ ወቅት ጫጩት ልትገዙ ካሰባችሁ ከዋጋው በፊት ማሞቂያውን አስቡ።

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነስለታል። የ45 ቀኑ ግን ላባ አውጥቷል፤ ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማይገባበት ቤት ይበቃዋል። ብዙ ሰው የአንድ ቀኑን የሚገዛው ስለሚረክስ ነው። ማሞቂያ ሳይዘጋጅ ከሆነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ጀማሪ ከሆናችሁ የ45 ቀኑን ውሰዱ።

የአንድ ቀኑን ለሚገዛ ሦስት መንገድ አለ።

እኔ የጀመርኩት በከሰል ነው። ማንደጃው አመሻሹን ጥሩ ያሞቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ አመድ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ሞተዋል። እስካሁን ያሳዝነኛል። የባሰው አደጋ ደግሞ ከከሰሉ የሚወጣው፣ የማይታየውና የማይሸተው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብላችሁ ቤቱን ከዘጋችሁት ጫጩትም ሰውም ይገድላል።

ባለ 250 ዋት ኢንፍራሬድ (ሙቀት ሰጪ) አምፖል አያያዙ ቀላል ነው። ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሙቀቱን ታስተካክላላችሁ። ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ሥሩ ከተከመሩ በርዷቸዋል፣ ሸሽተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። 24 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መብራት የሄደ ሌሊት ግን ባዶ እጃችሁን ናችሁ። በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ጭድ ላይ ከወደቀ ቤት ያቃጥላል።

የድርቆሽ ሣጥን መብራትም ከሰልም አይጠይቅም። የሣጥኑ ጎኖች በድርቆሽ ይጠቀጠቃሉ፤ ከላይ ድርቆሽ የሞላ ማዳበሪያ ይከደንበታል። ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ይሞቃሉ፤ ቀን በትንሿ በር ወጥተው ይበላሉ። ጥቂት ከሆኑ ሙቀታቸው አይበቃም። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሙቅ ውሃ የሞላ ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አግዟቸው። ድርቆሹ በትንፋሻቸው ስለሚረጥብ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፤ እዚህ ላይ ስንፍና አይሠራም።

50 ገደማ ጫጩት ለሚያሳድግና መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ምርጫዬ ሣጥኑ ነው። መቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ አምፖል ይሻላል፤ መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ግን ሣጥኖች አዘጋጁ። ከሰል ጫጩት ቤት አታስገቡ።

ላደጉት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ግን ማሞቂያ አትግዙ። ገንዘቡን ለሰጋቱራ ወይም ለጭድ አውሉት። ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ ተዉላቸው፤ እርጥበትና የኩስ ሽታ ከብርዱ ይበልጥ ይጎዳቸዋል። ማታ ቆጥ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በቆሎ በትኑላቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ሲፈጭ ሌሊቱን ያሞቃቸዋል።