ስምንት ወር የያዝኩት ሪል፣ በታህሳስ ብርድ የከዳኝ

በታህሳስ አጋማሽ፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጅማ ዞን ካለችው ከአሰንዳቦ አለፍ ብሎ ባለው የግልገል ጊቤ ግድብ ዳር፣ ክንዴን የሚያክል ቢልጫ የሚባል ዓሣ መንጠቆዬን ዋጠ። ዘንጉን ብድግ ሳደርግ የሪሉ፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ እጀታ ወደ ኋላ ተሽከረከረና ጣቶቼን መታኝ። ክሩ ላላ። ቢልጫው ውሃ ውስጥ ከቀረ ግንድ ሥር ገባና በጠሰው። ሪሉን ከገዛሁ ስምንት ወር ሞላኝ፤ ብዕር ያስነሳኝ ግን ያ ጧት ነው።

የገዛሁት ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ነው፤ ዘንግና ሪል አንድ ላይ 7,400 ብር። ለአስተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ቀላ ያለ ዓሣ ተስሏል። ሻጩ «ማንግሮቭ ጃክ ለሚባል ዓሣ የተሠራ ነው፤ እሱን የቻለ የጊቤን ቢልጫ ያቅተዋል?» አለኝ። ቤት ገብቼ ስለ ዓሣው ሳነብ ይበልጥ አመንኩት። በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ ፓስፊክ ሞቃት ዳርቻዎች የሚኖር ነው፤ ወጣት ሳለ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት፣ በማንግሮቭ ዛፍ ሥሮች መካከል ተሸጉጦ ያድናል፣ ሲያድግ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወጣል። መንጠቆ እንደነከሰ ወደ ሥሩ ይፈተለካል። ስለዚህ ለሱ የሚሆን ሪል በመጀመሪያዋ ቅጽበት አንዲት ጋት እንኳ ወደ ኋላ ማለት የለበትም። የኔና የቢልጫ ትግልም እንዲሁ ነው።

ክረምቱን ውሃው ስለሚደፈርስ ብዙም አልወጣሁም። ጥቅምት ሰላም ነበር። ህዳር ገባና ችግሩ ተጀመረ። ጅማ ቀን ሞቃት ናት፤ በህዳርና በታህሳስ ግን ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የነቢያት ጾም ተይዞ ጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬስ ዓሣ አለ?» በሚልበት ሰሞን እኔ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። እጀታው ጧት ይንሸራተታል፣ 4 ሰዓት ገደማ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል።

ለሻጩ ደወልኩ። «እጅህ ነው፣ ገና አልለመድከውም» አለኝ። ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ይዤለት ሄድኩ፤ ፊቴ አዞረው፣ ያዘ። አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወንድሜ፣ አንተ የሞከርከው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ በሚገባበት ሱቅ ነው። ጊቤ ዳር ጉሙ ሳይነሳ ሞክረውና ከዚያ ስለ እጄ አውራኝ።

መፍትሔው የመጣው ጋራዥ ካላቸው ጎረቤታችን ነው። «ጧት ጧት ብቻ ነው የሚያስቸግርህ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ግራሶው ነው፤ አምጣው ልጄ።» ፈታነው። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ ነው። ውስጡ ትናንሽ ድብልብል ብረቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸውን ፀጉር የምታክል ሞላ ትገፋቸዋለች። ወደ ፊት ሲዞር ይለቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲል በጠባቡ ቦታ ይሰነቀራሉ። የኔው በወፍራም ግራሶ ተሞልቶ ነበር። ብርድ ሲመታው ግራሶው ይጠጥራል፣ ያቺ ቀጭን ሞላም ብረቶቹን ገፍታ ማሰንቀር ያቅታታል። ፀሐይ ስትሞቅ ይለሰልሳል፣ ሪሉም ጤነኛ ይመስላል። ኩሽኔታውን በላምባ አጠብነው፣ አደረቅነው፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አደረግንበት። የጥርሶቹን ግራሶ አልነካንም፤ እዚያ ያስፈልጋል። ማታ በረንዳ ላይ አሳድሬው ጧት በሙሉ ኃይሌ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ንቅንቅ አላለም።

ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም፤ ዘንጉ ቀላል ነው፣ ፍሬኑ ክር ሲለቅ አይነጭም፣ ክሩም ደህና ነው። በብርድ ወራት ስለማጥመድ ግን የተማርኩት አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ውሃ ሲቀዘቅዝበት አፉን ይዘጋል፤ ለሱ ሲባል በሌሊት መነሳት ልፋት ብቻ ነው። 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ጠብቆ፣ ጠለቅ ወዳለው ቦታ ጥሎ፣ ትሉን በጣም ቀስ አድርጎ መሳብ ይሻላል። ማንግሮቭ ጃክ የሚያጠምዱትም በቀዝቃዛው ወራት የሚያደርጉት ይህንኑ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ።

ሪሉን እሸጠዋለሁ ወይ? አልሸጠውም። ባለፈው ቅዳሜ በጧት ብርድ ሁለት ቢልጫ አውጥቶልኛል፣ እጄም ለምዶታል። ለጓደኛ ግዛ እላለሁ? ኩሽኔታውን አስፈትቶ የሚያሳጥብ ከሆነ፣ አዎ። እንዳለ ከካርቶኑ አውጥቶ ታህሳስ ላይ ጊቤ ለሚወርድ ግን አልመክርም።

ለሻጩም መልሼ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለ። አሁን ሰምቷል። ለሚቀጥለው የደጋ ሰው ሳይናገር ቢሸጥለት ይቅር አልለውም።